አይጥ በመርዝ ብቻ አትጠፋም፤ «ጋራዣችሁን በሰባት ቀን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ጋራዣችሁን በሰባት ቀን ከአይጥ ነጻ አድርጉ» የሚል የአማርኛ ምክር ከሰው ሰው ሲቀባበል እኔም ጋ ደረሰ። ባጭሩ እንዲህ ይላል። መርዝ በየጥጉ በትኑ፣ የበላው አይጥ ውኃ ጠምቶት ውጭ ወጥቶ ይሞታል። ናፍታሊንና ሚጥሚጣ ነስንሱ። ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ ሶኬት ላይ ሰኩ። ድመት አምጡ። ከወጥመድ ይልቅ ማጣበቂያ ሰሌዳ ይሻላል። እህሉን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ቀዳዳ ካያችሁ ፎም ንፉበት። ሲያልቅ ኩሱን ጠርጋችሁ በቫኪዩም አጽዱ። ካልሆነላችሁ ባለሙያ ጥሩ፣ በየወሩ እየመጣ መርዝ ይሞላላችኋል።

ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ከምክሮቻቸው አንዱ ሰው ሊገድል ይችላል፣ ሌሎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ገንዘብ ያስጨርሱና አይጡን እዚያው ይተዉታል። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። በቤት ጥገና ሥራ የብዙ ሐበሻ ጋራዥ ውስጥ ገብቻለሁ። ብዙው ጋራዥ የመኪና ማቆሚያ መሆኑ ቀርቶ ጎተራ ሆኗል። የጤፍ ከረጢት አለ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ሽሮ አለ፣ ጌሾና ብቅል አለ፣ አንዳንዱ ቤት ቋንጣ ራሱ እዚያው ይሰቀላል። ስለዚህ ጉዳዩ በደንብ ይመለከተናል።

የባሰው ስለ ጽዳቱ የተባለው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። «ኩሱን ጠርጋችሁ በቫኪዩም አጽዱ» ይላሉ። በፍጹም እንዳታደርጉት! የደረቀ የአይጥ ኩስና ሽንት ሲጠረግ ብናኝ ሆኖ ይነሳል፣ እኛም እንተነፍሰዋለን። ሃንታ ቫይረስ የሚባለው ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ቫኪዩም ደግሞ ከፊት የሳበውን ብናኝ ከኋላ መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል።

ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሽታው አሜሪካ ውስጥ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 ነው። ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞናና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ ጤነኛ ወጣቶች በድንገት መተንፈስ እያቃታቸው ሞቱ፣ ምክንያቱ ሲጣራ ከአይጥ የመጣ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህም ሕመሙ በብዛት ከተመዘገበባቸው ክፍለ ግዛቶች መካከል ኒው ሜክሲኮና የእኛው ኮሎራዶ ይገኛሉ። የሚይዘው ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ ይሄን ደብቄ ማስፈራራት አልፈልግም። ነገር ግን ሳንባቸው ላይ ከደረሰባቸው ሰዎች ከመቶ 38 ያህሉ ይሞታሉ። በ2012 ካሊፎርኒያ የሚገኘውን ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክን ከጎበኙ ሰዎች 10 ታመው 3ቱ ሞተዋል፣ አብዛኞቹ ያደሩት ግድግዳቸው ውስጥ አይጥ ጎጆ በሠራባቸው የድንኳን ቤቶች ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የታዋቂው ተዋናይ የጂን ሃክማን ባለቤት ቤትሲ አራካዋ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታፌ በሚገኘው ቤታቸው በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የጤና ባለሥልጣናት ግቢውን ሲመረምሩ ዋናው ቤት ንጹሕ ነበር። የአይጥ ምልክት ያገኙት ከቤቱ ውጭ ባሉት ክፍሎች ነው፣ ጋራዦቹም ከእነዚያ መካከል ነበሩ።

ቫይረሱን በዋናነት የምትሸከመው ዲር ማውስ የምትባለው የሜዳ አይጥ ናት። ከላይ ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ሆዷ ነጭ፣ ጆሮና ዓይኗ ተለቅ ያለ ነው። የቤቷ አይጥ ግን ከላይም ከታችም ግራጫ ቢጤ ናት። ኩሱን አይቶ ከሁለቱ የየትኛዋ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንደ አደገኛ ቁጠሩት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሃንታ እናንተ ጋ በጣም ብርቅ ነው። ቢሆንም ሳልሞኔላና ሌፕቶስፓይሮሲስ የመሳሰሉትን በሽታዎች አይጥ የትም ይዞ ስለሚዞር አጸዳዱ ለእናንተም ያው ነው።

ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው አጸዳድ ይሄ ነው። መጀመሪያ የጋራዡን በር ከፍታችሁ ለ30 ደቂቃ ከዚያ ራቁ፣ አየሩ ይቀየር። የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጡ። ኩሱ ላይ፣ ጎጆው ላይ፣ የሞተ አይጥ ካለም እሱ ላይ እስኪርስ ድረስ እርጩና 5 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በወረቀት ፎጣ አንስታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ጣሉ፣ ወለሉንም በዚያው በረኪና ወልውሉ። ጓንቱን ሳታወልቁ ታጠቡት፣ አውልቃችሁ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በረኪናውን ከአሞኒያ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አይጥ የሸናባቸውን ካርቶኖች ለማዳን አትድከሙ፣ አርሳችሁ ጣሏቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምልክቱ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ድካም፣ የጭንና የወገብ ሕመም ነው፣ ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ ሐኪሙንም «አይጥ ያለበት ጋራዥ አጽድቻለሁ» በሉት። ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

አሁን ወደ መርዙ። ውኃ ጠምቶት ውጭ ይሞታል የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፣ እውነት ግን አይደለም። አብዛኛው የአይጥ መርዝ የደም መርጋትን የሚከለክል ነው። አይጡ ከበላ በኋላ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ውስጡ ይደማና ይዳከማል። የታመመ አይጥ የሚሄደው ወደ ለመደው መደበቂያው ነው። እሱም ግድግዳችሁ ውስጥ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ፍሪጁ ሥር፣ አንዳንዴም መኪናው ውስጥ ነው። ከዚያ ሽታው ይመጣል፣ ዝንቡ ይከተላል፣ ሬሳውን ለማውጣት ደግሞ ግድግዳ መቅደድ ሊያስፈልግ ይችላል።

መበተኑ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተፈቀደም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለተራ ሸማች የሚሸጥ የአይጥ መርዝ ልጅ በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። እንደ ብሮዲፋኩም ያሉትን ብርቱዎቹን ደግሞ ከተራ ሸማች ገበያ አስወጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን ያገኘዋል፣ ውሻ ይልሰዋል፣ መርዝ የበላውን አይጥ ደግሞ ጉጉት ወይም የጎረቤት ድመት ትበላዋለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ቢያንስ ቪታሚን ኬ1 የሚባል ማርከሻ አለው። ዛሬ መደብር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ብሮሜታሊን ግን የሚመታው የነርቭ ሥርዓትን ነው፣ ማርከሻም የለውም።

ጸሐፊው «የአገር ቤቱ ይበልጣል» ብለው በሻንጣ የሚመጣውን ዱቄት ማሞገሳቸው ደግሞ በጣም አሳዝኖኛል። መንገድ ላይ በትንንሽ ፓኬት ከሚሸጡት ውስጥ ዚንክ ፎስፋይድ ያለባቸው አሉ። ይሄ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ከሆድ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያመነጫል። ማርከሻ የለውም። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ፓኬት ልጅ ቢውጥ ሐኪሙ ከምን ይነሳ? እቤታችሁ ካለ እባካችሁ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት፣ ከተማችሁ አደገኛ ኬሚካል ወደምትቀበልበት ቦታም ወስዳችሁ አስረክቡት። አንድ ሰው መርዝ ነክቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ቁጥር 1-800-222-1222 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

«ከወጥመድ ማጣበቂያው ይሻላል» የሚለውም ተገልብጦ ነው የተነገረው። ሲዲሲ ማጣበቂያ ሰሌዳን አይመክርም። የተጣበቀው አይጥ በሕይወት እያለ ሲፈራገጥና ሲፈራ ይሸናል፣ ያ ሽንት ደግሞ ነው በሽታውን የሚያመጣው። ስቃዩም ቀላል አይደለም፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የድሮው የእንጨት ወጥመድ ፈጥኖ ይገድላል፣ ርካሽ ነው፣ የያዘውንም ታዩታላችሁ።

ወጥመድ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ገዝቶ ወለሉ መሀል ላይ ያስቀመጠ ነው። አይጥ መሀል ሜዳ መሄድ አትወድም፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሮጠው። ስለዚህ ወጥመዱ ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ ተደርጎ ይቀመጥ። አንድ ሳይሆን በርከት አድርጉ፣ በየ2 ወይም 3 ሜትሩ። ትንሿ አይጥ (በእንግሊዝኛ ማውስ የምትባለው) ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፣ ከ3 እስከ 10 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው ኑሮዋ። ማባበያው የአተር ፍሬ የምታክል የኦቾሎኒ ቅቤ ይበቃል፣ ሲበዛ ጠርዙን ልሳ ትሄዳለች። አይብ መሆን የለበትም። ትልቁ አይጥ (ራት የሚባለው) ግን ጠርጣራ ነው፣ አዲስ ነገር ሲያይ ይሸሻል። ለእሱ ተለቅ ያለ ወጥመድ ያስፈልጋል፣ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳይወጠር ማባበያ ብቻ አድርጋችሁበት ይልመደው፣ ከዚያ ወጥሩት። ትንሿ ትሁን ትልቁ የኩሱ መጠን ይነግራችኋል፤ የትንሿ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ የትልቁ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ልጅ ወይም ውሻ ካለ ወጥመዱን ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጉት።

«እህሉን ከፍ አድርጉት»። እንዴ፣ አይጥ እኮ ትወጣለች! ሻካራ ግድግዳ፣ የእንጨት መደርደሪያ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ መንገዷ ነው። ትንሿ አይጥ ቀጥ ብላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትዘላለች። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ያለ ጤፍ የትም ቢቀመጥ ለእሷ የተከፈተ ማዕድ ነው። የምትበላው በቀን 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ጉዳቱ ግን የበላችው ላይ አያበቃም። እየዞረች ከየቦታው ትቀምሳለች፣ በሄደችበት ሁሉ ትሸናለች፣ ኩሷንም ትጥላለች። የተቀደደ ከረጢት ያገኘ ሰው «ከላይ ከላዩን ጥዬ ሌላውን ላበጥረው» ይላል፣ የጤፍ ዋጋ ሲታሰብ ይገባኛል። ነገር ግን አይጥ የገባበትን እህል ማበጠር ሽንቱን አያወጣውም። ጣሉት።

መፍትሔው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የቆርቆሮ በርሜል ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ትንሿን አይጥ ለጊዜው ይገታታል፣ ትልቁ ግን ይቦረቡረዋል። የውሻ ምግብ፣ የወፍ ጥሬ፣ የሣር ዘር ሁሉ እዚያው ይግቡ። ጸሐፊው «ውኃ እንዳታገኝ አድርጉ» ማለታቸው ለትልቁ አይጥ ልክ ነው፣ እሱ በየቀኑ መጠጣት አለበት። ትንሿ ግን ከምትበላው የምታገኘው እርጥበት ሊበቃት ስለሚችል በጥም አትባረርም።

ዋናው ነገር ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት የቀዳዳው ጉዳይ ነው። እኔ ብሆን ጽሑፉን በሙሉ እሱ ላይ አደርገው ነበር። አንዲት ሴት አይጥ 3 ሳምንት ገደማ አርግዛ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፣ ልጆቿም በ6 ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ውጭ ያለው አይጥ አያልቅም። ኦክቶበር ገብቶ ብርዱ ሲጀምር ሙቀት ፍለጋ ይመጣል፣ የሞተውን የሚተካው ሁልጊዜ አለ። በሩ ክፍት ሆኖ መግደል ብቻ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ ትገባለች፣ እርሳስ የምታሳልፍ ሽንቁር ትበቃታለች ማለት ነው። ለትልቁ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ጋራዡ ውስጥ ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ አይጥም ሊገባበት ይችላል። መጀመሪያ የትልቁን በር ሁለቱን የታች ጥጎች እዩ። ከበሩ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ወይም ወለሉ ሰምጦ ጥጉ ላይ ክፍተት ይተዋል። ካየኋቸው ጋራዦች አብዛኞቹ የሚያስገቡት እዚያው ጋ ነው። ጎማውን መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፣ የግንባታ ዕቃ መደብር በሜትር ይሸጣል። ከዚያ የጋዝ ቧንቧው፣ የማቀዝቀዣው መስመርና የኤሌክትሪክ ገመዱ ግድግዳውን የሚበሱበትን ዙሩ። ከጋራዥ ወደ ቤት የሚያስገባውንም በር አትርሱ፣ ሥሩ ክፍተት ካለው ነገ ኩሽናችሁ ናት።

ፎም ብቻውን አይበቃም። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ መቦርቦር የኑሮዋ ግዴታ ነው፣ ፎም ለእሷ እንደ ዳቦ ነው። ለትንንሹ ቀዳዳ ስቲል ዉል የሚባለውን የብረት ፈትል ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሊኮን አድርጉበት። እርጥበት ባለበት ቦታ ብረቱ ስለሚዝግ የመዳብ ፈትል ይሻላል። ለሰፊው ቀዳዳ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ምቱበት፣ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት። ይሄን ስታደርጉ ወጥመዶቹ ጋራዡ ውስጥ ተወጥረው ይቆዩ። ውስጥ የቀረችው መውጫ ስታጣ ወደ ማባበያው ትመጣለች።

ስለ ቀሩት ብዙ አልልም። ናፍታሊን የተሠራው ለተዘጋ ቁም ሣጥን ነው፣ ለብል። አየር በሚገባበት ጋራዥ አይጥ አያባርርም። ልጅ ግን ከረሜላ መስሎት ይውጠዋል፣ ጂ-6-ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ደግሞ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ሚጥሚጣውን አይጧ በሌላ በኩል ታልፈዋለች፣ የመኪናው ጎማ ያነሳዋል፣ የሚያስለቅሰው እናንተን ነው። ለወጥ አስቀምጡት።

የድምፅ መሣሪያውን በተመለከተ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች ማስጠንቀቂያ ልኳል፣ «ተባይ ያባርራል የምትሉት በሳይንስ ማስረጃ መደገፍ አለበት» ብሎ። ድምፁ ዕቃ አያልፍም፣ አይጧም ቶሎ ትለምደዋለች። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው የሚሆነው።

ድመት ትንሿን አይጥ ትይዛለች፣ እሱ እውነት ነው። ትልቁን ግን ትሸሸዋለች። በብሩክሊን አንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ግቢ ውስጥ በካሜራ ለ79 ቀን የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከ150 ያህል አይጦች ድመቶቹ የገደሉት 2 ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። አይጦቹ ተደበቁ እንጂ አላለቁም። ለድመቷ ብላችሁ ጋራዥ ውስጥ የምታሳድሩት ምግብ ደግሞ ለአይጥ እራት ነው።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሱት መኪናውን ነው። ብዙ የማይነዳ መኪና ካላችሁ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ፣ የአየር ማጣሪያውንም አውጥታችሁ እዩት። አይጥ እዚያ ጎጆ ትሠራለች፣ ሽቦ ትቆርጣለች። የዚህ ዓይነቱን ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ኮምፕረሄንሲቭ የሚባለው ኢንሹራንስ ነው፣ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ያለው ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

የቀረው ባለሙያው ነው። ባለሙያ መጥራት አልቃወምም፣ ኩሱ ብዙ ከሆነ ወይም ጣሪያ ውስጥ ከገቡ ጥሩ። ነገር ግን «በየወሩ መርዝ ይሞላላችኋል» የሚለው ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ የሚጠቅም ውል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚገቡበትን ቀዳዳ ፈልገህ ትዘጋለህ ወይ? በምንድን ነው የምትዘጋው? የዘጋኸውን ቦርቡረው ቢመለሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትመጣለህ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ቀዳዳ አንዘጋም፣ ሳጥን ብቻ ነው የምናስቀምጠው» ካለ አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ጥሩ።